አርካዊት ላይ ማንም ሳያባርረን የሮጥንበት ቀን

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «መምህር፣ ካርቱም ሳሉ ለትምህርት ቤት ብለው ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሮጠዋል ይላሉ ልጆቹ፤ እውነት ነው ወይስ ቀልድ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። የዛሬውን ቁመናዬን ላየ ሰው ቀልድ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እውነት ነው። በስብሰባ ላይ በሁለት ቃል ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ብዙዎቻችሁም ካርቱምን ስለምታውቋት፣ በዚህ ገጽ ላይ ጊዜ ወስጄ ላጫውታችሁ ወደድኩ። አርካዊትን ሳላሳያችሁ የሩጫውን ብቻ ብነግራችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁምና ከሰፈሩ ልጀምር።

እኔ ጎንደር ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቼ፣ ጥቂት ዓመታት ገጠር አስተምሬ፣ በ1999 ዓ.ም መተማን ተሻግሬ ነው ሱዳን የገባሁት። ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ መዳኒ፣ ከመዳኒ ካርቱም። ከገዳሪፍ ካርቱም ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። ለደገኛ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። አውቶቡሱ ሶባን አልፎ ወደ ከተማው ሲጠጋ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አጥር ይመጣል፤ በዚያው አካባቢ ነው አርካዊት። ቀድሞኝ የመጣ የአገሬ ልጅ ከሚና በሪ ተቀብሎኝ በረክሻ ይዞኝ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት አሸዋማ መንገድ፣ ረጃጅም የግቢ ግንብና አረንጓዴ የብረት በር ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ደግሞ የአውሮፕላን ድምፅ ነው። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ ሲያርፉም ሲነሱም ከጣራ በላይ ናቸው። በኋላ ክፍል ውስጥ ሳስተምር አውሮፕላን ሲመጣ ጠመኔዬን ይዤ ዝም እላለሁ፤ ልጆቹም ዝም ይላሉ፤ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ይህን ሳናስበው ልማድ አደረግነው።

ምሥራቅ ሱዳን የኖራችሁ ደግሞ ሌላ አርካዊት ታውቃላችሁ። ከስንካት ብዙም ሳትርቅ በቀይ ባሕር ኮረብቶች ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው፣ እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው በበጋ ሙቀቱን ሸሽተው የሚወጡባት፣ ጉም የሚጎበኛት አርካዊት። የካርቱሙ ሰፈር የያዘው የእሷን ስም ነው። ስሙን እንጂ ብርዱን አላመጣም! በግንቦት ወር ከቀትር በኋላ ከሙቀቱ ጋር ያ ቡናማ የአቧራ ግንብ፣ ሀቡብ የሚሉት፣ ከአድማስ ተነስቶ ሲመጣ ያየ ሰው ይህን ሰፈር በጉም አገር ስም የጠራውን ሰው ቢያገኘው አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀው ነበር።

በአርካዊት ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ዚሩን ነው። በየደጃፉ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ በብረት እግር ላይ የቆሙ ሁለት ሦስት የሸክላ ጋኖች አሉ። አንገታቸው ላይ እርጥብ ጆንያ ተጠምጥሟል፤ የቆርቆሮ ኩባያ በገመድ ታስሯል። ውኃው የማንም ነው። የቤቱ ባለቤት በየጠዋቱ ይሞላዋል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ ሐበሻም ይሁን ደቡብ ሱዳናዊ፣ የጋሪ ነጂም ይሁን ፖሊስ፣ ይጠጣል። ለሞተ ወላጅ ነፍስ ብለው የሚያስቀምጡም አሉ። ሰጪው ማን እንደጠጣ አያይም፤ የጠጣውም ማንንም ማመስገን አይጠበቅበትም። ካርቱም በገባሁ ሰሞን ኪሴ ባዶ ሆኖ ከሰፈር ሰፈር ሥራ ስፈልግ የጠጣሁትን የዚር ውኃ ብቆጥረው በርሜል ይሞላል።

አሁን ወደ ሩጫው ልምጣ። ሱዳን ከተማ የኖረ ስደተኛ ሩጫን የሚያውቀው በከሻ ነው። ለልጆች ላስረዳ፤ ከሻ ማለት ፖሊስ በድንገት ሰፈር ከብቦ ወረቀት የሌለውን የሚያፍስበት ነው። የሱዳን ሕግ ስደተኛ በተመደበለት ካምፕ እንዲቀመጥ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውም በ2014 የወጣውም የጥገኝነት ሕግ በዚህ ላይ አንድ ናቸው። ሆኖም እንጀራ ያለው ከተማ ነውና ሰው ከተማ ይገባል። እናም «ከሻ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ በዛፍ ሥር ሻይ የምታፈላዋ እናት ማንደጃዋን ከነከሰሉ፣ ስኒዋን ከነስኳሩ ጥላ እግሬ አውጪኝ ትላለች። ግንበኛው ከመሰላል ይዘላል። በአርካዊት መንገድ ላይ የሚሮጥ ሐበሻ ከታየ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ሰው አለ። ስለዚህ የቸኮልን እንኳ አንሮጥም ነበር። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን ከፊደል ቀጥሎ ያስጠናኋቸው «መንገድ ላይ አትሩጡ» የሚለውን ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሲራመድ ማየት እንዴት እንደሆነ አስቡት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ትክክልም ነበርኩ። ግን ሌሊት ትዝ ሲለኝ ይከነክነኝ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ብላችሁ ትልቅ ነገር አታስቡ። አንድ የተከራየነው ግቢ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ የሸራ ዳስ፣ 64 ልጆች፣ ሦስት መምህራን። በ2009 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ ባለቤቱ መጥቶ ከጥር ጀምሮ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ካልተከፈለ ግቢውን እንድንለቅ ነገረን። በወር 1,500 ጊኔ፤ ለስድስት ወር 9,000። በሰውየው አልፈርድም። በዚያው ዓመት መንግሥት የነዳጅና የመድኃኒት ድጎማ ቀንሶ ኑሮ ለሱዳኑም ለእኛም እሳት ሆኖ ነበር። የእኛ ወላጆች ግን አብዛኞቹ ሻይ የሚሸጡና ሰው ቤት የሚያጸዱ ናቸው። ውጭ ያሉ ዘመዶች ይላኩ ቢባል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት በባንክ የሚላክ ገንዘብ መከራ ነበር፤ በሐዋላ የሚመጣውም ለየቤቱ አስቤዛ የሚሆን ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ከአራት አምስት ወር በፊት፣ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም፣ አንድ ሻይ ቤት ተጠጋግተን የሪዮ ኦሎምፒክን ማራቶን አይተን ነበር። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ የሚያወራው ሁለተኛ ስለወጣው ስለ ፈይሳ ሌሊሳና ስለተጣመሩት እጆቹ ነው። እኔ ግን ሌላም ሰው እፈልግ ነበር። ዮናስ ክንዴ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ልጅ፣ በሉክሰምበርግ ስደተኛ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ኦሎምፒክ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ አሥር ሰው፣ አምስቱ ኬንያ ከሚገኙ ካምፖች የወጡ የደቡብ ሱዳን ሯጮች። ዮናስ በኦሎምፒክ ባንዲራ ሥር በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ 90ኛ ወጣ። ቴሌቪዥን 90ኛን አያሳይም፤ ውጤቱን የሰማሁት በኋላ ነው። ዕድሜው 36 ነበር፤ የእኔም 36። ይሄኛው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። (ከአምስት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ታችሎዊኒ ገብረየሱስ የተባለው ኤርትራዊ ስደተኛ፣ በልጅነቱ በኢትዮጵያና በሱዳን በኩል ተሰዶ ያለፈው፣ ለዚሁ ቡድን ሮጦ 16ኛ ወጥቷል። ያን ጊዜ ይህን አናውቅም።)

ሮጦ ለችግረኛ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። እንግሊዝ አገር ከኒውካስል እስከ ሳውዝ ሺልድስ ባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚሮጥ ግማሽ ማራቶን አለ። ደራርቱ በ2005፣ ኃይሌ በ2010፣ ቀነኒሳ በ2013 አሸንፈውበታል። ከፊት እነሱ ይሮጣሉ፤ ከኋላ ግን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ተራ ሰው፣ ወፍራሙም አሮጊቱም፣ ይከተላል። ብዙው የሚሮጠው ለሆስፒታል፣ ለሕፃናት፣ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ጎረቤቱና የሥራ ባልደረባው «ከጨረስክ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብለው ቃል ይገቡለታል። ኃይሌ ያለበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ሲጀመርም ከዚያ ሩጫ ልምድ ተወስዷል፤ እስካሁንም በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ከመሃላችን አንዱ የዚያን ሩጫ ካናቴራ ከአዲስ አበባ ይዞ ተሰዷል። ጽሑፉ በእጥበት ጠፍቶ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ጳጳስ ካባ ያከብረዋል።

ሐሳቡን ቡና ላይ ሳቀርበው አንዲት ሻይ ሻጭ ወላጅ ስኒዋን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፣ ሰው ሊሰጥ ከፈለገ ይሰጣል። አንተ ለምን ትሮጣለህ? ሃምሳ ጊኔዬን ውሰድና ቁጭ በል፤ ልብህ ቢቆም ልጆቹን ማን ያስተምራቸዋል?»

መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን ያለኝ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለምነናል። ስንለምን የሚሰጡን ያው ያላቸው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው፤ የሌለው ሰው አምስት ጊኔ አውጥቶ መዝገብ ላይ መጻፍ ስለሚያፍር ስብሰባውን ይቀራል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝም ይሸሻል። በሩጫው ጊዜ ቃሉ የተገባው በዙር ነው። «ለአንድ ዙር አንድ ጊኔ» ማለት ማንንም አያሳፍርም። አንድ ጊኔ ያለችው ሴት አሥራ ሦስት ዙር ስትቆጥር ውላ አሥራ ሦስት ጊዜ ሰጠች። እኛም ስንቀበል አንገታችንን አልደፋንም፤ ላባችን ይታይ ነበርና። ሌላ ምክንያት ቢኖረውም እኔ አላውቀውም።

ዙሩን የለኩት ልጆቹ ናቸው። ስድስተኛ ክፍሎች 30 ሜትር ገመድ ይዘው፣ በሁለት ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞረው በመስጊዱ አጠገብ አድርገው እስኪመለሱ ድረስ 54 ገመድ አገኙ፤ 1,620 ሜትር። ግማሽ ማራቶን 21,097 ሜትር ተኩል ነው። አሥራ ሦስት ዙር 21,060 ይሆንና 37 ሜትር ተኩል ይተርፋል። ክፍል ውስጥ በማባዛትና በማካፈል ያን ያህል ሲጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው አስቁሟቸው ምን እንደሚለኩ ጠየቃቸው። መሬት የሚቀማ መሐንዲስ የላካቸው መስሎት ይሁን ሌላ አላውቅም። አንዱ ልጅ በጥሩ ዓረብኛ «የሒሳብ የቤት ሥራ ነው» ብሎ መለሰ። ውሸት አይደለም።

ከዚያ የልጃገረዶቹ ጥያቄ መጣ። «እኛስ?» አሉ። በዚያ ዘመን ሱዳን ውስጥ «የሕዝብ ሥርዓት» የሚባለው ሕግ ነበረ፤ የተሻረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ከአልበሽር መውደቅ በኋላ ነው። ሱሪ ለብሳለች ተብላ ሴት የምትከሰስበት፣ የምትገረፍበት ሕግ። በጎዳና ላይ ልጃገረድ አሰልፎ ማስሮጥ የማይታሰብ ነው፤ አልኳቸውም። አንዷ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ግቢው ውስጥስ?» አለች። ግቢያችን በግንቡ ዙሪያ ሲለካ 60 ሜትር ነው። ልጃገረዶቹ 18 ናቸው። እያንዳንዳቸው 20 ዙር በቅብብሎሽ ቢሮጡ 360 ዙር፣ 21,600 ሜትር ይሆናል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠርታ ተቀመጠች። ከእኛ በ502 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ምን ይባላል? ፈቀድን።

ከሰፈሩ ኮሚቴም ወረቀት አወጣን። ለእነዚያ ሰዎች የስፖርት እንቅስቃሴ መሆኑን፣ ስብሰባም ሰልፍም እንዳልሆነ፣ ከአምስት ሰው በላይ እንደማይሮጥ ማስረዳት አሥር ቀን ፈጀብኝ። አሁን ሳስበው ከሩጫው ይልቅ ያደከመኝ ያ ነው።

ጥር 5 ቀን 2009 ዓ.ም፣ በፈረንጆች ጥር 13 ቀን 2017፣ ዓርብ ነበር። ዓርብ በካርቱም የዕረፍት ቀን ነው፤ መንገዱ ባዶ። ጥር ላይ የካርቱም ንጋት ለሱዳኖች ብርድ ነው፤ ጋቢ የመሰለ ነገር ይደርባሉ። ለጎንደር ሰው ግን ደስ የሚል አየር ነው። ሰዎች ከሱብሂ ሶላት ወጥተው ወደየቤታቸው ሲበተኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አምስት ወንዶች ከትምህርት ቤቱ በር ተነሳን። የኔ ጫማ የተዋስኩት ስለሆነ አንድ ቁጥር ይሰፋል፤ ከፊቱ ጥጥ ወትፌበታለሁ። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ገደማ ነው፤ በ2,000 ሜትር ላይ ያደገ ሳንባ አየሩ ይበዛለታል ብዬ ለጓደኞቼ ተናግሬ ነበር። ሳንባዬ እውነትም አልከዳኝም። እግሬ ግን ጎንደር እንዳደገ ረሳ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ይህን እንዴት ልግለጸው... አሥር ዓመት «አትሩጥ» ብሎ ራሱን የገራ ሰው በዚያው መንገድ ሲሮጥ ጀርባው ይቀዘቅዘዋል። ዘወር ብዬ አያለሁ፤ ማንም የለም። እንደገና አያለሁ። ጓደኛዬም እንደዚያው ሲያይ ያዝኩትና ሁለታችንም ሳቅን።

በአምስተኛው ዙር የፈራነው ደረሰ። የፖሊስ ፒክአፕ፣ ቦክስ የምንለው፣ ከፊታችን ቆመ። አንድ ሻለቃ ባሻ መሳይ ወፍራም ሰው ወረደ። ወረቀቱን ከካልሲዬ ውስጥ አውጥቼ በላብ የራሰውን ሰጠሁት። አነበበው፤ ገለበጠው፤ እንደገና አነበበው። «ማን ነው የሚያሳድዳችሁ?» አለ። ማንም፣ ሪያዳ ነው፣ ስፖርት ነው አልኩት። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በሳቅ «ያለ እኛም ይሮጣሉ!» አለ። መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሳቁ ያማል፤ እውነት ነውና ደግሞ ያስቃል። ወረቀቱን መለሰልኝና «ያልላ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ» ብሎ እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ። ከዚያ በኋላ መኪናቸው መንገዱ ጥግ ላይ እስከ ስምንተኛው ዙር ድረስ ቆሞ ነበር። ሲጠብቁን ይሁን ሲጠባበቁን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በመንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ሱዳናዊ ሐጂ ቤት አለ፤ ዚሩ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሰባተኛው ዙር ላይ ሐጂው ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ወጡ። ኩባያውን ሞልተው ዘረጉልኝ። በሚቀጥለው ዙርም እዚያው ናቸው። «ስንት ቀረ?» ይላሉ፤ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲው በኩል ለልምምድ የወጡ ከየአገሩ የመጡ ሁለት ተማሪዎችም ሁለት ዙር አብረውን ሮጠው፣ ጉዳዩን ሲሰሙ በጨበጨባ ሸኝተውን ሄዱ። ከአምስታችን አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ በዘጠነኛው ዙር ተቀመጠ። ባለ ካናቴራው ወጣት፣ ወሎዬ ነው፣ በ1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ጨርሶ ሻይ እየጠጣ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ ከአሥረኛው ዙር በኋላ መሮጤን ያወቅኩት ክንዴ ስለሚወዛወዝ ብቻ ነው። የኋለኞቹን ሁለት ዙሮች ከሻይ ሻጮቹ አንዷ በጣሳ እየደበደበች «አይዞህ መምህር!» እያለች በሰፊው ጎዳና ላይ ጮኸች። በዚያ ሰፈር ለወትሮው አማርኛ የምንናገረው በለሆሳስ ነበር።

የመጨረሻዋ 37 ሜትር ተኩል ከመንገዱ ጥግ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ናት። ልጆቹ በጠመኔ መስመር አስምረውባታል። 2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 አሪዞና ላይ ይህንኑ ርቀት በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ በእኔ ሰዓት ሁለት ጊዜ ደርሶ ሦስተኛውን ያጋምስ ነበር ማለት ነው። ጥፍሬ ከሳምንት በኋላ ወለቀ።

በር ከፍቼ ስገባ ግን እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም። ልጃገረዶቹ 290ኛው ዙር ላይ ነበሩ። እናቶች፣ የጎረቤት ሱዳናውያን ሴቶች ጭምር፣ በግንቡ ዙሪያ በአንገሬብና በባንበር ተደርድረው ይቆጥራሉ። ቀሚሳቸውን በነጠላ ያሰሩ ልጆች በባዶ እግራቸው በዚያች ጠባብ ግቢ ግንብ ለግንብ ይበራሉ፤ አቧራው እስከ ጉልበት ነው። አንዷ ዙሯን ስትጨርስ የቀጣይዋን እጅ መታ ታደርጋለች። እነዚያ መንገድ ላይ እንደ ሽማግሌ የሚራመዱ ልጆች እንደዚህ መሮጥ ይችላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያቺ «ሃምሳ ጊኔዬን ውሰድና ቁጭ በል» ያለችኝ ወላጅ ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ልጇ ከሯጮቹ አንዷ ናት። 360 ሲሞላ እልልታው የመንገዱን ሰው ሁሉ አመጣው። ሐጂውም መጡ። በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሳይገቡ 100 ጊኔ በልጅ እጅ ላኩ።

ማታ ተቆጠረ። ከወንዶቹ ሩጫ 4,870፣ ከልጃገረዶቹ 3,115፣ ድምር 7,985 ጊኔ። የልጃገረዶቹ ቃል የተሰበሰበው በሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ቀድመን ብናስብበት ኖሮ ከእኛ ይበልጡ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የጎደለውን 1,015 አንዲት እናት የዕቁብ ተራዋን ለትምህርት ቤቱ ለቃ ሞላችው፤ በስድስት ወር መለስንላት። በአጋጣሚ በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ኦባማ በሱዳን ላይ ከተጣለው ማዕቀብ ብዙውን ለማንሳት ፈርመው ኖሮ በማግስቱ ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለ ዶላር ያወራል። እኛ ስለ ዙር እናወራ ነበር።

ከሻው በዚያ አልቆመም፤ እንዲያ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በየካቲት ከወላጆቻችን ሁለቱ ታፈሱ፤ መቀጮ ተከፍሎ ወጡ። «መንገድ ላይ አትሩጡ» የሚለውንም ትምህርት አላቆምኩም። ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ዓርብ ጠዋት ግቢው የልጃገረዶቹ ሆነ።

ትምህርት ቤቱ እስከ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ቆየ። ቅዳሜ ሹር ነበር። ለፋሲካ ዶሮ የገዛን ገዝተን፣ ሱዳኖቹ ጎረቤቶቻችን ረመዳን ይዘው፣ ጠዋት ላይ ከመዲና ሪያዲያ በኩል ተኩስ ተሰማ። መዲና ሪያዲያ ማለት የስፖርት ከተማ ማለት ነው፤ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ የቆየ ስታዲየም ያለበት፣ በኋላ የፈጥኖ ደራሽ ጦር የሰፈረበት ቦታ። ካርቱምን ያጠፋው ጦርነት የመጀመሪያ ተኩስ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። የዚያን ሳምንት ሐበሻውም ሱዳኑም፣ ፖሊሱም ሻይ ሻጯም፣ በአንድ መንገድ ሮጠ። የእኔን መንገድ አብዛኞቻችሁ አብራችሁኝ ስለመጣችሁ አልደግመውም፤ መዳኒ፣ ከዚያ በታኅሣሥ መዳኒም ሲያዝ ገዳሪፍ።

የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም ክረምት፣ የሐጂው ልጅ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ። አባቱ መዳኒ ላይ አርፈዋል። እሱ ወደ አርካዊት ተመልሷል። የትምህርት ቤታችንን ግቢ ጠየቅኩት፤ የብረት በሩ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ቆርቆሮው ተወስዷል፤ ግንቡ አለ። ዚሩስ አልኩት። ተሰብሮ ነበር፤ አዲስ ገዝቼ ከበሩ ፊት አቁሜያለሁ፣ ለአባቴ ነፍስ፣ አለኝ። ውኃ ከየት ታገኛለህ ስለው በአህያ ጋሪ በርሜል እየገዛሁ አለኝ።

እንግዲህ ለጠየቁኝ እናት መልሱ ይህ ነው። ለምን እንደጠየቁም አልጠፋኝም፤ ዘንድሮ ደብተር የሚሰጠን አካል እንዳቆመ፣ አምስተኛ ክፍሎች በካርቶን ጀርባ ላይ እንደሚጽፉ ሁላችሁም ታያላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስድስተኛ ክፍሎች ከውኃ ታንከሩ ተነስተው፣ በክሊኒኩ ዞረው፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል እስኪመለሱ ድረስ በገመድ ለክተውታል። 1,140 ሜትር መጣ። 21,097 ሜትር ተኩል ስንት ዙር እንደሚሆን ለሰኞ የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። ልጃገረዶቹ ከወዲሁ በየት በኩል እንደሚሮጡ እየጠየቁኝ ነው።